የአይዳሂስ የውኃ ተራ

በሰባ ስድስት ክረምት አፋሮች ካርማ የሚሉት ዝናብ አልመጣም። ደመናው ከወሎ ተራሮች ጫፍ ላይ ይታያል፤ ወደ ቆላው አይወርድም። መጀመሪያ ላሞቹ አለቁ። ከዚያ በጎቹ። ዓመቱ ተለውጦ ኅዳር ሲገባ ፍየሎቹ የግራር ልጥ መላጥ ጀመሩ፤ ታኅሣሥ ላይ ልጡም አለቀ። ግመሎቹ የወደቁት ከሁሉ በኋላ ነው። ከሰርዶ እስከ ሎግያ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ አጥንት ተኝቶ ነበር፤ ወደ አሰብ የሚወርዱት የከባድ መኪና ሾፌሮች መስኮታቸውን ዘግተው ያልፋሉ። ሕፃናት ተቀበሩ። ሽማግሌዎች ተቀበሩ። መራመድ የቻለው ውኃ ወዳለበት ሄደ።

ውኃ ካልደረቀባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ጉራሌ የሚባል ጉድጓድ ነበር። ከሰርዶ አስፋልቱን ለቅቆ፣ በጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ለነዳ ሰው ይገኛል። የጥንት ሰዎች በእጃቸው የቆፈሩት ነው። ዙሪያው በድንጋይ ተክቧል፤ ጥልቀቱ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ነው።

ቢሰጥ የሚሠራው እዚያ ነበር። የውኃ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የደሴ ሰው፣ ሃምሳን የነካ፣ ቀጭን፣ ቃል የማያባክን። የሚይዛት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። ከኋላዋ የውኃ ፓምፕ ታስሯል። ሞተሯ ሲዞር ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ፓምፑን ያዞረዋል፤ ፓምፑም ውኃውን በወፍራም ቱቦ ስቦ ገንዳው ውስጥ ይተፋዋል። ጣጣው አንድ ነው። ሞተሩ ለብቻው ሲተው ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ጉልበት ውኃ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ነዳጅ መስጫውን እኩል ረግጦ መያዝ አለበት። ሌላው ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የቱቦውን ጫፍ ከጭቃው ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ዱሮ ሁለት ነበሩ። ቢሰጥ ይረግጣል፤ ረዳቱ ሱሩር ይወርዳል። ሱሩር የባቲ ልጅ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ ከጉድጓድ ውስጥ መንዙማ የሚያወጣ፣ ውኃው ድምፁን እያጎላው ሰው የሚያስቅ። መስከረም ላይ ሎግያ ገበያ ወጥቶ ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ይዘው ወሰዱት። በሸበጥ ነው የሄደው። ጫማዎቹ ከመኪናው ወንበር ሥር ቀርተዋል። ቢሰጥ አላነሣቸውም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጉድጓዱ የሚወርዱት ውኃ የሚጠብቁት ሰዎች ራሳቸው ሆኑ። ቢሰጥ ከጧት ጀምሮ መሪው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ መኪናዋን ከሾፌሩ በቀር ማንም እንዳይነካት ይላል፤ እሱም የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። በመስተዋቱ በኩል የከብት ጀርባና የሰው ጀርባ ይታየዋል። የሚወራው አይሰማውም፤ ሞተሩ ይጮኻል። ሰው ይመጣል፣ ያጠጣል፣ ይሄዳል። ወደ መስኮቱ ጠጋ የሚል የለም። ማታ ሞተሩን ሲያጠፋ ቀኝ እግሩ አይዘረጋም፤ በሁለት እጁ አንሥቶ ነው ከመኪናው የሚያወርደው። በሳምንት አንዴ ነዳጅ ለመቅዳት ሰመራ ይሄዳል። ሰመራ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረችም፤ ጥቂት የመንገድ ሠራተኞች ቆርቆሮ ቤቶች፣ የበርሜል ክምርና ነፋስ ነበረች። አንደኛው ቆርቆሮ ቤት የእሱ ነው። ሚስቱ ስንቅነሽ ሁለት በጋ ኖራበት ሙቀቱ ቢያማት ወደ ደሴ ተመለሰች። ሲሻለኝ እመጣለሁ ብላ ነበር። ብዙ ዓመት ሆናት።

ቢሰጥ በዚያ አገር አንድ ዕዳ ነበረበት።

በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ካርታ አንሺዎች ይዞ ሲዞር እዚሁ ጉራሌ አጠገብ ድንጋይ ራዲያተሩን በሳው። ውኃው ፈሶ አለቀ። ሁለቱ ካርታ አንሺዎች ሙቀቱ ጥሏቸው ከመኪናው ጥላ ሥር ተዘርግተዋል። ቢሰጥ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ጉራሌ ላይ ግን ውኃ በተራ ነው። ተራ ጠባቂው ያዮ የሚባል አፋር ነው፤ ማን መቼ እንደመጣ፣ ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ሁሉን በልቡ ይይዛል። ለእንግዳ ተራ የለውም። ያን ዕለት ከሰልፉ ራስ ላይ የቆመው አይዳሂስ የሚባል ሰው ነበር። ላሞቹን ይዞ ቀናት ጠብቋል፤ ገና ገንዳው ላይ ሊያቆማቸው ነው። የቢሰጥን ከንፈር አየ። የተዘረጉትን ሰዎች አየ። ላሞቹን ወደ ኋላ መለሳቸው።

«የኔን ተራ ውሰድ» አለ።

ቢሰጥ ቀዳ። ሰዎቹን አጠጣ፣ ራዲያተሩን በሳሙናና በጨርቅ ደፍኖ ሞላ። አይዳሂስ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ። እንደገና እስኪደርሰው ድረስ ግማሾቹ ላሞች ሞቱ። ቢሰጥ ይኼን የሰማው ቆይቶ ነው። ሊሄድ ሲል ግን አይዳሂስ መስኮቱን ይዞ እንዲህ ብሎታል፤

«ውኃውን አልጠይቅህም። ተራዬን ግን ትመልሳለህ።»

«እመልሳለሁ» አለ ቢሰጥ።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይላል። አንደኛው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሞተ፣ የት እንደዘነበ፣ ምን እንዳየ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። ከዚያ ያዳመጠው ይናገራል። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የቢሰጥ ዕዳ ከአዋሽ አርባ እስከ አሳይታ ተዳረሰ። የትም ቦታ መኪናውን ሲያቆም አንድ የማያውቀው ሰው ብቅ ይላል።

«አንተ የተራው ሰው ነህ?»

«ነኝ።»

«መለስክ?»

«ገና ነኝ።»

«አይዳሂስ ደኅና ነው። ግመሎቹ ተሩ ሜዳ ላይ ናቸው። ልጁ ሀምዳ አግብታለች።»

በመጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ለመደው። በኋላ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ነድቶ ማንም ሳይጠይቀው ከመሸ ሌሊቱን የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለው ጀመር።

አንድ ጊዜ ሊከፍል ሞክሯል። አሳይታ ገበያ አይዳሂስን አግኝቶ መኪናው ላይ የተጫነ በርሜል ሙሉ ውኃ አሳየው።

«የማን ነው?» አለ አይዳሂስ።

«የመንግሥት።»

«እኔ የመንግሥት ውኃ ሰጠሁህ? የራሴን ተራ ነው የሰጠሁህ። የራስህ ተራ ሲኖርህ አምጣ።»

ደገኛ ሾፌር ደግሞ ከየት አምጥቶ የራሱ ተራ ይኖረዋል? ጉራሌ ላይ ለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሮ አናት ላይ እስክትደርስ ጭቃው ውስጥ የቆመ ሰው የአንድ መንጋ ተራ ያገኛል፤ ከየትም ይምጣ፣ ማንም አይሻማውም። ሳይደርስ የወጣ ግን የለውም። ሱሩር በዚህ ስንት ተራ አግኝቷል። አንዲት ፍየል የሌለው ሰው ነውና ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶች ያድለው ነበር። «እኔ ባለ ተራ፣ እርስዎ ባለ ወንበር» እያለ በቢሰጥ ይቀልድበታል። እውነቱን ነው። ቢሰጥ ወንበር ላይ ነበር፤ በወንበር ተራ አይገኝም። አንድ ቀን እወርዳለሁ ይል ነበር። አንድ ቀን ሳይመጣ ሱሩር ሄደ።

ጥር መጀመሪያ ላይ ነው ያዮ ወደ መስኮቱ የመጣው። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር።

«ከተሩ የመጣ ሰው አለ» አለ። «አይዳሂስ እየመጣ ነው። መንጋው አልቋል። የቀሩት አራት ግመሎች ናቸው። የሀምዳ ባል ሞቷል፤ እሷ ናት የምትነዳለት። ዓይኑም ደክሟል።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ግመሎቹ ከቻሉ በሚመጣው ሳምንት።» ያዮ ወደ ሰልፉ ተመለከተ። ሰልፉ ከግራሮቹ አልፎ ሄዷል። «ተራው ግን በሚመጣው ሳምንት አይደለም።»

  ግመሎቹ ሰልፉን አይጨርሱትም።

በማግስቱ ቢሰጥ አዋሽ መሄድ ነበረበት፤ ቺንጋና ዘይት የሚሰጠው እዚያ ካለው መጋዘን ነው። ቀኑን ሙሉ ነድቶ ገባ። ዕቃውን ሲቀበል ዋለና ወደ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ሄደ። እዚያ ገብረሥላሴ አለ። የባቡር ጡረተኛ ነው፤ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ብስክሌት፣ የወፍጮ ሞተርና የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። ባቡሩ ሲያልፍ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል፤ ሲርቅ ይቀጥላል። ከቢሰጥ ጋር የሚተዋወቁት ከልጅነት ነው።

«ታነክሳለህ» አለ ገብረሥላሴ።

«እግሬ ነው። ነዳጅ ሲረግጥ እየዋለ።»

«ስትነዳ?»

«ቆሜ። ፓምፕ ነው የማዞረው።»

«እኔ ዕድሜዬን ባቡር ላይ ፈጀሁ፤ ቆሞ ሲነዳ የሚውል ሰው ግን አላየሁም።» ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ አወረደ። «ሚስት አግባና እሷ ትርገጥልህ።»

«አግብቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ስንቅነሽ ብትኖር እኮ ትረግጥልህ ነበር፤ አንተንም ጨምራ።»

ቢሰጥ ፈገግ አላለም። ገብረሥላሴም አልጠበቀም።

«ከመኪናው መውረድ አለብኝ» አለ ቢሰጥ። «ሞተሩ ደግሞ እንደተረገጠ መቆየት አለበት። ለግማሽ ቀን።»

«ድንጋይ አስቀምጥበት።»

«አስቀምጬ ነበር። ተንሸራቶ ሞተሩ ጮኸና ቺንጋው ተበጠሰ።»

ገብረሥላሴ ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ሄደ። መሪው ሥር አንገቱን አስገብቶ ቆየ። ከመሪው ጎን፣ መቆጣጠሪያዎቹ የተደረደሩበት ሰሌዳ ላይ፣ በጎማ የተደፈነች አንዲት ቀዳዳ አገኘ። ጎማውን በጥፍሩ ነቀለ።

«እየው» አለ። «መኪናዋን የሠሯት ሰዎች አስበውበት ነበር። የእጅ ነዳጅ መስጫ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ወይ አልገባላትም፣ ወይ አንዱ ነቅሎ ሸጦታል።»

«ትሠራዋለህ?»

«ውኃ አምጣና ታጠብ። ፊትህ ያስፈራል።»

ከአሮጌ ብስክሌት ላይ የፍሬን ሽቦ ፈታ። አንዱን ጫፍ ከካርቡራቶሩ ክንድ ጋር በትንሽ ብሎን አሰረው፤ ሌላውን በሞተሩ ግድግዳ በኩል አሳልፎ ወደ ቀዳዳዋ አመጣውና ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር በየደው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ከተሰበረ የስፌት መኪና የወጣ የእንጨት እጀታ ገጠመ። እጀታው ወደ ሾፌሩ ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሲገፋ ይቀንሳል። እግር መርገጫውም እንደ ዱሮው ነጻ ነው።

አስነሡት። ቢሰጥ እጀታውን ሳበ፤ ሞተሩ ከፍ አለ። ለቀቀው። የካርቡራቶሩ ሞላ ሽቦውን መልሶ ሳበውና እጀታው ሽው ብሎ ገባ። ሞተሩ ወረደ።

«የሚይዘው ነገር ይፈልጋል» አለ ገብረሥላሴ። «ዘንጉን አንቆ የሚይዝ። ቆዳ። የለፋ ቆዳ ነው የሚሆነው፤ በዘንጉ ልክ ተበስቶ በዳዶ ይጠብቃል። ጎማ በሙቀት ይቀልጣል።» ዳሱን ዙሪያ አየ። «ቆዳ የለኝም። ቀበቶህስ?»

«ሸራ ነው።»

ገብረሥላሴ ጎንበስ ሲል ከወንበሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች አየ። አንዱን አወጣ። አቧራ ሸፍኖታል፤ ቅርፁን ግን እንደያዘ ነው። የጫማውን ምላስ በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው።

«ይኼ ይሆናል።»

«የሱሩር ነው።»

«ምላሱን ብቻ ነው። ጫማው ያለ ምላስ ይሄዳል።»

 ባቡር እየመጣ ነበር። እስኪያልፍ ሁለቱም ቆሙ።

«ቢመጣ ምን እለዋለሁ?» አለ ቢሰጥ።

«ቢመጣ» አለ ገብረሥላሴ፤ አልጨረሰውም።

«ቁረጠው።»

ቆረጠው። ክብ አድርጎ በሳው፣ በዘንጉ ላይ አሳለፈው፣ ዳዶውን አጠበቀው። ቢሰጥ እጀታውን እስከ መሀል ሳበና ለቀቀ። ቆመ። ሞተሩ በዚያው ድምፅ ቀጠለ። ሁለቱ ሰዎች ከመኪናዋ ወርደው ፊት ለፊቷ ቆሙ። መሪው ላይ ማንም የለም፤ ሞተሩ አንድ ሰው እንደረገጠው ያጉረመርማል።

«ሾፌር አያስፈልግም ብለው እንዳያባርሩህ» አለ ገብረሥላሴ። ከዚያ «እደር እንጂ» አለ።

«አልችልም። የሚመጣ ሰው አለ።»

«ማን?»

«አይዳሂስ።»

«ያ ሰውዬ? ገና አልከፈልከውም?» ገብረሥላሴ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። «እኔ አንተን ብሆን አልከፍልም ነበር።»

«ለምን?»

«ከከፈልከው በኋላ ማን ይጠይቅሃል?»

ቢሰጥ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሄደ። የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ እስከ ገዋኔ ድረስ ግን ያን ነገር ነበር የሚያስበው። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ እጁን አነሣ። ቆመለት። «አንተ የተራው ሰው ነህ? መለስክ?» «ገና ነኝ» አለ ቢሰጥ፤ ይኼን ቃል ሲናገረው የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ታወቀው። ሽማግሌውን እስከሚወርድበት ድረስ አደረሰው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብሎ ነዳ።

ጉራሌ ሲደርስ አይዳሂስ ቀድሞታል። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከግራሮቹ ማዶ ተቀምጧል። ግመሎቹ አራት ናቸው፤ አንዷ ተኝታለች፣ አንገቷን ድንጋይ ላይ ዘርግታ። አጠገቡ ሀምዳ ቆማለች፤ ረጅም፣ ፊቷ በአቧራ የነጣ፣ ትከሻዋ ላይ ከባዶ የቅቤ ስልቻ በቀር ምንም የሌላት። ቢሰጥ ሄዶ ሰላም አለ። አይዳሂስ ድምፁን ለየው።

«መጣህ» አለ።

«መጣሁ።»

«ከእኔ ፊት ስንት መንጋ አለ? እነሱ አይነግሩኝም።»

ቢሰጥ ሰልፉን አየ። «ብዙ ነው» አለ።

«እሺ» አለ አይዳሂስ።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል ቢሰጥ መኪናዋን ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆማት። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረ፤ እንዳትግል ኮፈኗን ከፈተ። ቱቦውን አወረደ። ሞተሩን አስነሥቶ እጀታውን ሳበ፤ ድምፁ የሚያውቀው ልክ ላይ ሲደርስ ለቀቀው። ያዮ በትሩን ተደግፎ ያያል።

«ዛሬ የምወርደው እኔ ነኝ» አለ ቢሰጥ።

ያዮ ወደ ባዶው ወንበር፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለከተ። «ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ» አለ። «ብትወጣ ተራ የለም። ወንበር ለለመደ ሰው ረጅም ነው።»

«አውቃለሁ።»

ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ በገመድ ወረደ። ታች ቀዝቃዛ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። የቱቦውን ጫፍ አቅፎ ከፍ አደረገው፤ ውኃው ተነሣ። ከላይ የገንዳው ፏፏታ፣ የከብት ትንፋሽ፣ የሰው ወሬ ይሰማዋል። ወሬውን እንዲህ አጥርቶ ሰምቶት አያውቅም ነበር። አንዷ ስለ ሞተች እናቷ ትናገራለች። አንዱ ስለ ጠፋ ግመል ይጠይቃል። አንዱ ስለ እሱ ያወራል፦ «ደገኛው ወረደ። መኪናውን ጅን ይዞለት ነው?» ሰዎች ሳቁ። ቢሰጥ ጭቃው ውስጥ ቆሞ አዳመጠ።

ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከመኪናዋ ጥላ በቀር ጥላ አልነበረም። ሀምዳ ያቺን የተኛች ግመል ከንፈሯን ልታርስላት ጥቂት ውኃ ለምና ስትመለስ መስኮቱ ሥር ዐረፈች። መስኮቱ ክፍት ነው። ዐይኗ እጀታው ላይ ዐረፈ። ከእጀታው ሥር ክብ ቆዳ አለ፤ ደርቋል፣ ዳርና ዳሩ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሀምዳ የቆዳ ሴት ናት። የወተት ዕቃም የውኃ ስልቻም በእጇ ታበጃለች፤ ቆዳ ደርቆ ሲሰነጠቅ ዝም ብላ የምታልፍ አይደለችም። ይኼ ሰው ደግሞ ለአባቷ ብሎ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። የቅቤ ስልቻውን ከትከሻዋ አወረደች። ውስጡ ባዶ ነው፤ ስፌቱ ሥር ግን በጣት ጫፍ የምትነሣ ቅቤ ቀርታ ነበር። ለአባቷ ከንፈር ያቆየቻት ናት። በጣቷ ጠራርጋ አወጣችና የእጀታውን ቆዳ ዙሪያውን በደንብ ቀባችው።

ሲጥ ሲጥታው ቆመ። ሀምዳ ደስ አላት።

ትንሽ ቆይቶ እጀታው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ከዚያ ሽው አለ። ሞተሩ ወረደ። ገንዳው ውስጥ የሚወርደው ውኃ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

ቢሰጥ ቱቦው በእጁ ላይ ሲከብድ ታወቀው። ቀና አለ። ሰማዩ ክብ ሆኖ ይታያል። ፀሐይዋ የጉድጓዱን ግድግዳ ገና ግማሹን ነው ያበራችው። ገመዱ አጠገቡ ተንጠልጥሏል። ሁለት ጊዜ ቢስብ ላይ ነው። እጁን ዘረጋና ገመዱን ሳይነካው መለሰው።

«ያዮ!» አለ። «እጀታው ገብቷል?»

የያዮ ራስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ አለ። «ገብቷል። ትወጣለህ?»

«አልወጣም። ማን አለ መኪናው ጋ?»

«ሀምዳ።»

«ጥራት።»

የሀምዳ ራስ ከያዮ ጎን ታየ።

«የነካሽው ነገር አለ?» አለ ቢሰጥ።

«ቆዳው ደርቆ ነበር። ቅቤ ቀባሁት።»

  ቢሰጥ ቅቤ ከየት አገኘሽ ብሎ ሊጠይቅ ፈለገ፤ ባዶውን ዕቃ ትናንት አይቶታል። ከየት እንዳገኘችው ገባው።

«ደግ አድርገሻል» አለ። «የወተት ዕቃ ቢሆን። ይኼ ግን ዘንጉን አንቆ መያዝ ነው ሥራው። መንሸራተት የለበትም።»

ሀምዳ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ቅባቱን የሚያወጣው አመድ ነው» አለች።

«አመድ ካለ አድርጊበት። ከዚያ አርጥቢው። ርሶ ያብጣል። በሩን ክፈቺና ግቢ።»

«አይፈቀድም ትላለህ ይሉሃል።»

«ግቢ። እጀታውን ወደ ራስሽ ሳቢው። ድምፁ ልክ ሲሆን እነግርሻለሁ።»

ከእሳት ቦታ አመድ አምጥታ ቆዳውን እስኪነጣ አሸችው፤ በምራቋ አራሰችው፤ ደጋግማ አሸችው። ከዚያ እጀታውን ሳበች። ሞተሩ ከፍ አለ። «ጨምሪ» አለ ቢሰጥ ከታች። «ጨምሪ። ቁሚ። ልቀቂው አሁን።» ለቀቀችው። እጀታው ባለበት ቀረ። ቱቦው ተንቀጠቀጠ፤ ውኃው እንደገና ተነሣ። ሀምዳ አልወረደችም። እጇን ሳታስነካ እጀታው አጠገብ ዘርግታ ተቀምጣ ጠበቀችው።

የቀረው ረጅም ነበር። ቢሰጥ እግሩ ደነዘዘ፤ አንዴ ተንሸራቶ በግድግዳው ተደገፈ። ብርሃኑ ድንጋይ ድንጋዩን እያለ ወረደ። ጭቃው ላይ ሲያርፍ ከላይ የያዮ ድምፅ መጣ።

«ውጣ።»

ወጣ። ቱቦውን ለመያዝ ሌላ ሰው ወረደ። ቢሰጥ መቆም አቅቶት ገንዳውን ተደገፈ። ሰው ሁሉ ያየዋል።

«ተራ አለኝ?» አለ።

«አለህ» አለ ያዮ፤ ሰልፉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

«የአይዳሂስ ነው።»

ሰልፉ ተከፈለ። ሀምዳ ከመኪናው ወርዳ ሦስቱን ግመሎች ነድታ መጣች። አራተኛዋን ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሷት። አይዳሂስ በትሩን ፊት ፊቱን እያስቀደመ መጣ፤ ወደ ገንዳው ግን አልሄደም። ወደ መኪናዋ ሄደ። በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ወንበሩን ዳሰሰ።

«ማን አለ እዚህ?»

«ማንም የለም» አለ ቢሰጥ።

«ማን ይረግጠዋል?»

«ማንም። ከዚህ ልወርድ ብዬ ነው ያሠራሁት።»

«መኪናው የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

«ተራውስ?»

«የኔ ነው።»

አይዳሂስ እጁን ከወንበሩ ላይ አነሣ። ወደ ቢሰጥ ጠጋ ብሎ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ነካ፤ ጭቃውን በሁለት ጣቱ አሸው። «እሺ» አለ።

ግመሎቹ ጠጡ።  የታመመችው መጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ ነከረች፤ ከዚያ አንገቷን ዘርግታ መሳብ ጀመረች። አይዳሂስ የመጠጣታቸውን ድምፅ እያዳመጠ ቆመ። የመጨረሻዋ ራሷን እስክታነሣ ድረስ አልተነቃነቀም።

«ተራዬ ደርሶኛል» አለ። «የሚሄድ ሁሉ ይንገር።»

ወደ ተሩ ለመሄድ የተነሣ አንድ ሰው ነበር። ውኃውን ሞልቶ ጨርሷል። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ ጥሎ፣ ወሬውን ይዞ በጥቁሩ ድንጋይ ሜዳ ላይ ጉዞ ጀመረ። ቢሰጥ ገንዳውን እንደተደገፈ፣ ሰውየው ትንሽ ሆኖ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተው።